ከኮምቦልቻ ባቲ በሁለት ጎማ



ዛሬ የምወስዳችሁ ሩቅ አገር አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀናው መንገድ ደጋንንና ገርባን አልፎ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ባቲ ይገባል። ከባቲ ወዲያ ቁልቁል ወደ አፋር ሜዳ ይወርድና በኤሊ ውሃ አድርጎ ሚሌ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የወደቦች መንገድ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዓመታት አሰብን ከደሴ ለማገናኘት የሠሩት ይኸው መስመር፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ ከባድ መኪና ሌት ተቀን የሚመላለስበት ጎዳና ነበር። ዛሬ ጭነቱ ቢቀንስም የሰኞው ገበያ አልቀነሰም። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉንና ሸማውን ይዞ ባቲ ላይ ይገናኛል። ከአራቱ የአገራችን የዜማ ቅኝቶች አንዱም ስሙን ከዚህች ከተማ ጋር ይጋራል።

የጥንት ደረሶች ይህን አገር የሚያካልሉት በእግራቸው ነበር። በወሎ አንድ ደረሳ ፊቅሁን ከአንዱ ሼህ፣ ነሕዉን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ደግሞ ከሦስተኛው ዘንድ ይቀራ ነበርና፣ ኪታቡን በቆዳ አንግቶ ከቃሉ ገታ ወደ አልቡኮ ጀማ ንጉሥ፣ ሲለውም እስከ የጁ ዳና ድረስ ይሻገራል። ገታና ጀማ ንጉሥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው በሰፊው የታወቀ የዒልም መንደሮች ነበሩ። አያቴ እንደዚያ ከተንከራተቱት አንዱ ናቸው። «ከገታ ዳና ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «እንደ ዝናቡ ነዋ!» ይሉን ነበር።

እኔ ግን የሁለት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ። ዛሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈራችንን ልጆች ቁርኣን አቀራለሁ። በ2010 ዓ.ም. በባቲው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ ያስቸገረኝ ርቀቱ አልነበረም፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ምን አላት? ያስቸገረኝ ሚኒባሱ ነው። ሚኒባስ የሚነሳው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ወንበሩ ሲሞላ መሆኑን የማያውቅ የለም። ጠዋት እንደምንም እደርሳለሁ። ማታ ግን መንገድ ዳር ቆሜ ያለፈኝን መኪና ስቆጥር ቆይቼ ቤቴ የምገባው መግሪብ አዛን ካለ በኋላ ነው። ለውሃቸውን ይዘው ደጅ ላይ የሚጠብቁኝ ልጆች በመጀመሪያው ወር አሥራ አራት ነበሩ፤ በሦስተኛው ወር ስድስት ቀሩ። ልጅ የሚጠብቀው እስከሚጠብቅ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ኳሱ ይሄዳል።

ሞተር ብስክሌት የመጣው በዚህ መሃል ነው። የዕቁቤ ዕጣ ሲደርሰኝ አንድ ሁለተኛ እጅ ባጃጅ ቦክሰር ገዛሁ፤ መቶ ሲሲ፣ ባለ አራት ማርሽ። (ባጃጅ ገዛሁ ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ባለ ሦስት እግሩን ስለመሰላቸው፣ «ማስተማሩን ተውከው እንዴ?» እያሉ ጠይቀውኛል። በአገራችን የፋብሪካው ስም ለባለ ሦስት እግሩ ብቻ ተሰጥቶ የቀረ ነውና አልፈርድባቸውም።) መንዳት ግን አላውቅም ነበር። ብስክሌት እንኳ በልጅነቴ ከተከራየሁት በቀር አልነበረኝም።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሐጂ ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው፣ መስመሩ ሲዘጋ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፍተው የቀሩ ሰው ናቸው። «ሱብሒ ሰግደህ ሜዳው ላይ ጠብቀኝ፤ አብሽር!» አሉኝ። በወሎኛ «አብሽር» የተባለ ሰው ምን ይፈራል? ጠበቅኳቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ሞተሩን ማስነሳት ከለከሉኝ። ገና ጤዛው ባልረገፈ ሜዳ ላይ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው፣ «ግፋው» አሉኝ። ገፋሁት። ቀኝ አዙሬ ገፋሁት፣ ግራ አዙሬ ገፋሁት፣ ወደ ኋላም ገፋሁት። ወደ እኔ ሲያዘነብል በጭኔ ደግፌ፣ ወደዚያ ሲያዘነብል በእጄ ስቤ። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ስሠራ ላቤ ጀርባዬን አለፈው። «ክብደቱ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ሲሮጥ ሊይዘው አይችልም» ብለው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን እንዲሁ ይሆናል ብዬ ስሰጋ ቁልፉን ሰጡኝ፤ ትምህርቱ ግን ፍሪሲዮን ብቻ ሆነ። ግራ እጄን በጣም በቀስታ ስለቅ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደፊት ለመሄድ የሚከጅልባት አንዲት ቦታ አለች። ሐጂ «የሚነክስባት» ይሏታል። እዚያች ላይ እጅን ማቆየት፣ አንድ እርምጃ መሄድ፣ መልሶ መያዝ፣ መቆም። ደግሞ አንድ እርምጃ። ቶሎ የለቀቀ ጀማሪ ሁሉ ሞተሩ ዘሎ ይጠፋበታል፤ በጣም የዘገየ ደግሞ ሸራው ሲቃጠል ይሸተዋል።

ይህ አካሄድ እንግዳ አልሆነብኝም። በመድረሳ ነሕዉ የሚጀመረው በአጅሩሚያ ነው፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ ሳትቀመጥ ሁለተኛይቱ አትነገርም። በዩኒቨርሲቲ ግን በአንድ ቀን ሦስት ምዕራፍ አልፈን ማታ ላይ አንዱም እንዳልገባን እርስ በርሳችን እንነጋገር ነበር። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። እጅና እግርን የሚያስተምር ሰው ግን የመድረሳውን መንገድ ቢይዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለነገሩ ሞተር ላይ ሥራ የማይፈታ አካል የለም። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ቤንዚን ይሰጣል፣ የፊቱንም ፍሬን ይጨብጣል። ግራ እግር ማርሽ ይቀይራል፤ ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። ቋንቋውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፔኪዮ፣ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት መሆኑን ሳውቅ ከዓረብኛና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ እየቀራሁ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ሜዳው ላይ ድንጋይ አስቀመጡና በዙሪያው እንድዞር አዘዙኝ። ወደ ድንጋዩ እያየሁ ስዞር ሞተሩ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። «ኡስታዝ፣ ዐይንህን አንሳ! ወደምትወጣበት እይ!» ብለው ጮሁብኝ። አገጬን አዙሬ የማልፍበትን ሣር ሳይ፣ እጄ ምንም የተለየ ነገር ሳያደርግ ሞተሩ በሣሩ ላይ አለፈ። ነገሩ ተአምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነታችን ዐይናችንን ይከተላል። ጉድጓድን ትኩር ብሎ ያየ ነጂ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ በፊዚክሱ በኩል ሌላ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚገፋው የመሪው ቀኝ ጫፍ ነው፤ ይኸውም ጎማው ለአፍታ ወደ ግራ እንዲያይ ማድረግ ነው። ሞተሩ በዚህ የተነሳ ወደ ቀኝ ያዘነብልና ይታጠፋል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳሳይ ተማሪዎቼ አላመኑኝም። ሐጂም አላመኑኝም፤ እጃቸው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያደርገው ኖሯል።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሌላው ነገር የተማሪዎቼን ፊት ለወጠው። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በስልሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በሠላሳ ከሚሄደው አራት እጥፍ የሚሆን የፍሬን ርቀት ያስፈልገዋል። የራስ ቁርም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ የራስ ቁር ማድረግ ሞትን በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በከተማችን ግን ቁሩን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወይም መሪው ላይ ሰቅሎ የሚነዳው ወጣት ብዙ ነው። ለትራፊክ ፖሊሱ ሲል ያዘው እንጂ ለጭንቅላቱ ሲል አልያዘውም። አካላችን አማና መሆኑን በኹጥባ የሰማን ሰዎች ይህን ለሌላ ሰው የተነገረ አድርገን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

መንጃ ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላ ሐጂ የመረጡልኝ ፈተና ሐረጎ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይወጣል። መውጣቱን የእኔዋ መቶ ሲሲ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ተወጣችው። ትምህርቱ ያለው በመውረዱ ላይ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ በባዶ ማርሽ የሚወርዱ አሉ። ሐጂ ግን በወጣሁበት ማርሽ እንድወርድ አዘዙኝ። «ፍሬን ይደክማል፤ ማርሽ አይደክምም» አሉኝ። ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፤ በአንደኛው ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ሲገጥመን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ ዐስርን ትምህርት ቤት ሰግጄ ከመግሪብ በፊት ደጄ ላይ ነበርኩ። ስድስቱ ልጆች ወደ አሥራ አንድ ተመለሱ። ሦስቱ ኳሱን እንደመረጡ ቀሩ።

ባቲን በሞተር ያየኋት ግን በ2011 ዓ.ም. የግማሽ ዓመት ዕረፍት፣ ሰኞ ቀን ነው። የጉዞውን ዱዓ አድርጌ ገና ብርዱ ሳይለቅ ተነሳሁ። በሚኒባስ ስሄድ ኖሬ ያላወቅኩት ነገር የአየሩ መለዋወጥ ነው። መኪና ውስጥ አገር በመስኮት የሚታይ ሥዕል ነው፤ ሞተር ላይ ግን ፊት ላይ የሚዳሰስ ነገር ነው። ሸለቆ ውስጥ ስገባ ብርዱ እንደ ውሃ ጉልበቴን ያገኘዋል፤ ከሸለቆው ስወጣ የሞቀ አየር ይቀበለኛል። የእበት ጭስ፣ የታጨደ ማሽላ፣ የናፍጣ ሽታ ተራ በተራ ይመጣሉ። ከገርባ በኋላ ሙቀቱ ጨመረና የደረብኩትን ጃኬት አውልቄ ከኋላ አሰርኩት። ባቲ ከኮምቦልቻ በሦስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሰውነት ይህን ካርታ ሳያይ ያውቀዋል።

ከተማዋ ልትደርስ ስትል መንገዱ የግመሎች ሆነ። ግመል ለክላክስ ግድ የለውም፤ የሚጎትተው ልጅ ግን ይደነግጣል፤ እርሱ ከደነገጠ ግመሉም ይደነግጣል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ፣ በግመሉ እርምጃ ልክ ከኋላ መሄድ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያ ሄድኩ። ጊሌውን ወገቡ ላይ የታጠቀ አንድ የአፋር ጎልማሳ ዘወር ብሎ ሞተሬን ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላ መብራቷ ካያት በኋላ፣ «በቀን ስንት ትጠጣለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ግመሉን በእጁ መታ መታ አደረገና ሳቀ። ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል።

ዙህርን ባቲ ሰገድኩ፤ የግመል ወተት ጠጣሁ፤ ለሐጂ ሰሌን፣ ለእናቴ ቅመም ገዛሁ። ገበያው በኮረብታው ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሰዉና ከብቱ አንድ ሆኖ ይርመሰመሳል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እዚሁ አካባቢ የረሃብተኞች መጠለያ እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ስለዚያ ዘመን አንድ አባት ብዙ አጫወቱኝ፤ ለሌላ ጊዜ ልተወው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ባቲን ሲያዳርስ ሐጂ አንድ ሌሊት ሞተሬን ፈታተው አደሩ። ጎማዎቹ አንድ ቤት፣ ነዳጅ መያዣው ሌላ ቤት፣ ሞተሩ ደግሞ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ እህል ጎተራ ውስጥ ተቀመጠ። ቀውጢው ካለፈ በኋላ መልሰው ሲገጥሟት አንዲት ብሎን ተረፈች። የየት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ሞተሯም አልጠየቀችም።

በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በየከተማው የሞተር እንቅስቃሴ የሚገደብባቸው ጊዜያት መጡ። በእነዚያ ሳምንታት ሞተሬ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ትቆማለች። ምሽት ምሽት ሸራውን ገልጬ ሰንሰለቷን ዘይት እቀባለሁ፤ ልልነቷን በሁለት ጣቴ እለካለሁ። ሰው ሞተሩ ቆማ ሳለ የሚያስበው ስለ ሌላ ሞተር ነው። እኔም የሚቀጥለውን ሞተር ማለም የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሕልሜ ያማሃ ዲቲ ነው፤ መቶ ሃያ አምስት ሲሲ። ልጅ ሳለሁ የግብርና ባለሙያውና ክትባት የሚሰጠው ሰው ወደ መንደራችን የሚመጡት በእርሱ ነበር። ድምፁ ሲሰማ እኛ ልጆች ወደ መንገድ እንሮጣለን፤ መርፌ የፈራው ደግሞ ወደ ጫካ። ዲቲ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጎማው ጥርሳም ነው፤ ሞሎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ድንጋይ ሲረግጥ የነጂውን ወገብ አይቀጣም። የእኔዋ ቦክሰር በአስፋልት ላይ እመቤት ናት፤ ኮረኮንች ላይ ግን ጥርስ ታፋጫለች። ዲቲ ጉድለት አለው፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር በመሆኑ ከቤንዚኑ ጋር ዘይትም ያቃጥላል፣ ያጨሳል፣ መለዋወጫውም እንደ ቦክሰር በየሱቁ አይገኝም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ዐይኔን ጨፍኜ የማየው እርሱን ነው፤ አያቴ በእግራቸው የሄዱበትን፣ ከገታ ጀማ ንጉሥ፣ ከዚያም እስከ ዳና ያለውን የድንጋይ መንገድ ሲወጣ። «እንደ ዝናቡ ነዋ!» ያሉትን ስንት ቀን እንደሆነ ቆጥሬ ለልጆቼ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።

አንድ ወዳጄ ኤሌክትሪክ ሞተር እንድገዛ ይመክረኛል። ቤንዚን ለመቅዳት ከመሰለፍ ማታ ከቤት መብራት መሙላት ይሻላል፣ ጭስም የለው፣ ይላል። ልክ ነው። ብዙዎቹ ፍሪሲዮንም ማርሽም የላቸውም፤ መጠምዘዝ ብቻ ነው። የሚነክስባትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት የማያስፈልገው ሞተር እንደሚመጣ ለሐጂ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ያስተምሩበታል?» አሉኝ።

የልጆቼ እናት ሐሳብ ከሁላችንም የተለየ ነው። ዕቁቡ ዘንድሮ ሲደርሰን የውሃ ታንከር ይገዛ ባይ ናት፤ ውሃ በፈረቃ ለምትጠብቅ ሴት ይህ ሕልም አይደለም። አንድ ምሽት ስለ ዲቲው ቁመትና ጉልበት ስደረድርላት በጸጥታ ሰምታኝ፣ «ስንት ሰው ይጭናል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሁለት» አልኳት። አራት ነን። በየመንገዱ አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ በአንድ ሞተር ሲሄዱ እናያለን፤ ትንሹ ከነዳጅ መያዣው ላይ፣ ትልቁ ከመሃል። እኔ ይህን ፈጽሞ አላደርገውም፤ እርሷም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የቱንም ያህል ትልቅ ሞተር ብገዛ ለቤተሰቡ የሚደርሰው አንድ ተጨማሪ ሰው ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ የፊዚክስ መምህሩ አላወጣውም ነበር ብላ ስትስቅብኝ አብሬያት ሳቅሁ። ጉዳዩ ግን አላለቀም፤ እስከ ዛሬም በቀጠሮ ላይ ነው።

ባለፈው ጊዜ ባቲ ወርጄ ሳለሁ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ አንድ ዲቲ ቆሞ አገኘሁ። ቀለሙ ለቋል፣ መቀመጫው በላስቲክ ተጠግኗል፤ ሞተሩ ግን በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳ። ባለቤቱ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የግብርና ባለሙያ ናቸው። እንድቀመጥበት ፈቀዱልኝ። ስቀመጥ የሁለቱም እግሬ ጣቶች ብቻ መሬት ነኩ። «ይሸጡታል?» አልኳቸው። «አሁንማ አልሸጠውም፤ እርሱ ከሌለ ቆላውን ማን ያደርሰኛል? ጡረታ ስወጣ ግን ላንተ ነው» አሉና ስልኬን የአርሶ አደሮች ስም በጻፉበት ደብተር ጀርባ ላይ መዘገቡት። ሞተሮቻቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ስንጠያየቅ ቆየን። ከዚያ እርሳቸው ወደ ቆላው፣ እኔ ወደ ገርባ ዳገት።